ተንፍሶ የሚመለስ ግፊት፦ የማኮንዶ ጉድጓድ የጉዳይ ጥናት

በነዳጅ ጉድጓድ አገልግሎትና ጥገና ሥራ ላይ የሚሠማራ ሰው አስቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ፣ የተዘጋ ነገር ሁሉ ግፊት እንዳመቀ ቆጥሮ መቅረብ ነው። በሁለት ቫልቮች መካከል ታፍኖ የቀረ ጋዝ፣ ከመድፈኛ ሥር የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ በአሸዋ ወይም በረጋ ሰም የታነቀ ቧንቧ ከውጭ ሲታዩ ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ሠራተኛው ማያያዣውን በመዶሻ መትቶ ሲያላላ ወይም ክዳኑን ሲፈታ ግን በውስጡ የነበረው ኃይል ሁሉ በአንዲት ቅጽበት መውጫ ያገኛል። የጋለ ራዲያተር ክዳን በእራፊ ጨርቅ ይዞ የከፈተ ሾፌር ነገሩን በትንሹም ቢሆን ያውቀዋል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው 30 ፒኤስአይ (በአንድ ስኩዌር ኢንች ላይ የሚያርፍ የፓውንድ ብዛት፣ የግፊት መለኪያ) ገደማ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ደጋግሞ የሚነሳው 1,400 ፒኤስአይ ግን ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክብ ክዳን ላይ ቢያርፍ ክዳኑን ከ7 ቶን በላይ በሆነ ኃይል ይገፋዋል፤ ጭነቱን እንደያዘ ያለ አንድ አይሱዙ ክዳኑ ላይ ቢቆም እንደማለት ነው።

የታፈነ ግፊት ጣጣ ግን ክዳን ሲፈታ በሚደርሰው ጉዳት ብቻ አያበቃም። ከዚያ ይልቅ ዝም ያለና ብዙ የማይወራለት ሌላ አደጋ አለ፤ እርሱም በመለኪያ ላይ የታየን ግፊት «ይህ የታፈነ ነው፣ ምንጭ የለውም» ብሎ ማለፍ ነው። በእርግጥ የታፈነ ግፊት መጠኑ የተወሰነ ነው፤ ቫልቩ ተከፍቶ ሲተነፍስ ያልቃል፣ ቫልቩ ተመልሶ ሲዘጋም መለኪያው ዜሮ ላይ እንዳለ ይቆያል። ምንጭ ያለው ግፊት ግን ቢተነፍስም ይመለሳል። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ሲነበብ ሕፃን የሚረዳው ይመስላል፤ ብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎች በአንድ ምሽት ለሦስት ሰዓታት ያህል ሲመለከቱት ቆይተው ያልተቀበሉት መሆኑን ነው ይህ ጥናት የሚያሳየው።

ጉዳዩ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010፣ በእኛ ሚያዝያ 12 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የደረሰው የማኮንዶ ጉድጓድ ፍንዳታ ነው። በዚያ ዕለት ይሠራ የነበረው በጥብቅ አነጋገር የጥገና ሥራ ሳይሆን፣ ተቆፍሮ ያለቀን ጉድጓድ ለጊዜው አሽጎ የመተው ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ከባድ ጭቃን በውሃ መተካት፣ ግፊት ማስተንፈስ፣ መለኪያ ማንበብና መከላከያው መያዝ አለመያዙን መፈተን የአገልግሎት ሠራተኛ የዕለት ተዕለት ተግባር በመሆኑና፣ ይህን ያህል ደቂቃ በደቂቃ የተመረመረ ሌላ ጉዳይ ለማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ መርጬዋለሁ። የምጠቅሳቸው ሰዓቶች የአካባቢው ሲሆኑ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ግን እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጉድጓዱ

ማኮንዶ ከሉዊዚያና ጠረፍ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ካለው ውሃ ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ሥራውን የሚመራው ቢፒ የተባለው የብሪታኒያ ነዳጅ ኩባንያ ነበር፤ የሚቆፍረው ደግሞ ንብረትነቱ የቁፋሮ ኩባንያው የትራንስኦሽን የሆነው ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለ ተንሳፋፊ መድረክ ሲሆን፣ ሲሚንቶውን ያዘጋጀው ሃሊበርተን ነው። በዕለቱ በመድረኩ ላይ 126 ሰዎች ነበሩ። የጉድጓዱ ግርጌ ከመድረኩ ወለል ሲለካ 5,600 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በዚያ ያለው ነዳጅና ጋዝ ያዘለ ዐለት ግፊቱ ከ11,000 ፒኤስአይ በላይ ነበር።

ይህን ያህል ግፊት ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚይዘው በቁፋሮው ጊዜ ሁሉ አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ከውሃ 1.7 እጥፍ ገደማ የሚከብደው የቁፋሮ ጭቃ ነው። ከመድረኩ እስከ ግርጌ ድረስ የቆመው የጭቃ ዓምድ በክብደቱ ዐለቱን ይጫናል፤ ክብደቱ ከዐለቱ ግፊት እስከበለጠ ድረስ ምንም አይወጣም። መድረኩ ጉድጓዱን ትቶ ሲሄድ ግን ከመድረኩ እስከ ባሕሩ ወለል የሚዘልቀው ራይዘር የተባለው ሰፊ ቱቦ ስለሚነሳ፣ በውስጡ ያለው ጭቃ መውጣት አለበት። ያኔ የጭቃውን ቦታ መተካት የሚኖርበት በጉድጓዱ ግርጌ የፈሰሰው ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ የዕለቱ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ጭቃው ሲነሳ ሲሚንቶው ይይዛል ወይስ አይይዝም?

ሲሚንቶው ናይትሮጅን የተቀላቀለበት አረፋማ ዓይነት ሲሆን ተገፍቶ ያለቀው በዚያው ሌሊት ነው። ጥራቱን በመሣሪያ ለመመርመር የመጣው የሌላ ኩባንያ ቡድን፣ ሲሚንቶው ሲገፋ ጭቃ ሳይጠፋ በመመለሱ «አያስፈልግም» ተብሎ ጠዋት በሄሊኮፕተር ተመለሰ። እኩለ ቀን ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ፈተና ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ነበር፤ ጉድጓዱ በ2,500 ፒኤስአይ ተገፍቶ ለ30 ደቂቃ ያህል ያዘ። ይህ ፈተና የቱቦውን ግድግዳ ጥንካሬ እንጂ ከግርጌ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር መኖር አለመኖሩን አይነግርም። ያንን የሚነግረው ከሰዓት በኋላ የተጀመረው ሁለተኛው ፈተና ነው።

ፈተናው

የግፊት ቅነሳ ፈተና የሚባለው አሠራር ጉድጓዱን ሆን ብሎ ማቅለል ነው። የመሰርሰሪያው ቱቦ 2,550 ሜትር ገደማ ጥልቀት ድረስ ይወርዳል፤ ይህም ከባሕሩ ወለል በታች 1,000 ሜትር ያህል ማለት ነው። ከዚያ ነጥብ ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ጭቃ በባሕር ውሃ ይተካል። በባሕሩ ወለል ላይ በጉድጓዱ አፍ የተተከለው፣ የፍንዳታ መከላከያ የተባለው የመዝጊያዎች ስብስብ፣ በቱቦው ዙሪያ የሚጨመቅ የጎማ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ሲዘጋ በራይዘሩ ውስጥ የቀረው ከባድ ጭቃ ከላይ ተገልሎ ይቆያል፤ ከሥሩ ያለው ጉድጓድ ደግሞ ጭቃው የተነሳለት ያህል ይቀልለዋል። በጭቃውና በባሕር ውሃ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት በ2,550 ሜትር ሲሰላ 2,300 ፒኤስአይ ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል ጫና ተነሥቶለት፣ ቫልቩ ሲከፈት ምንም ካልፈሰሰና ሲዘጋም መለኪያው ከዜሮ ካልተነሳ፣ ሲሚንቶው ይዟል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጭቃው በውሃ ሲተካ ከባድ ጭቃ በአንድ ወገን፣ ቀላል ውሃ በሌላ ወገን ስለሚሆን፣ ፈተናው ሲጀመር በመሰርሰሪያው ቱቦ ላይ ግፊት መታየቱ የሚጠበቅ ነው። ይህ ግፊት በትክክል የታፈነ ነው። ቫልቩ ሲከፈት ጥቂት ውሃ ወጥቶ ማለቅ ይኖርበታል፤ ውሃ በ1,400 ፒኤስአይ ቢጨመቅ ይዘቱ የሚቀንሰው ከመቶ ግማሽ እንኳ የማይሞላ በመሆኑ፣ ምንጭ የሌለው የውሃ ግፊት ለመርገብ የሚያፈሰው እጅግ ጥቂት ነው። ጋዝ ግን እንዲህ አይደለም፤ እንደ ተጠቀለለ ሞላ ነውና ብዙ ሲወጣ ይቆያል።

ፈተናው ከ11 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ተካሄደ። ሠራተኞቹ የመሰርሰሪያውን ቱቦ ግፊት ለማስተንፈስ ቢሞክሩም ከ266 ፒኤስአይ በታች ሊያወርዱት አልቻሉም፤ ቫልቩን ሲዘጉት ንባቡ ዘልሎ ከ1,200 በላይ ሆነ። በዚህ መሐል በራይዘሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲጎድል ታየ፤ የጎማው ቀለበት በደንብ ስላልተጨመቀ ከላይ ያለው ከባድ ፈሳሽ ወደ ታች እየሾለከ ነበር። ቀለበቱ እንዲጠብቅ ተደረገ፤ ራይዘሩም ተሞላ። እስከዚህ ድረስ የታየው ግፊት ከላይ በሾለከው ፈሳሽ ምክንያት ነው ብሎ ማሰብ ያስኬዳል።

ለሁለተኛ ጊዜ ተነፈሰ። አሁን ዜሮ ደረሰ። ሲዘጋ ግን ቢያንስ ወደ 773 ፒኤስአይ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ተነፈሰ፤ አሁንም ዜሮ ደረሰ፤ ሲዘጋም 1,400 ፒኤስአይ ሆነ።

የጉዳዩ ሁሉ መቋጠሪያ እዚህ ላይ ነው። ሾልኮ የነበረው ፈሳሽ ከተገታ በኋላ፣ ሁለት ጊዜ እስከ ዜሮ ተነፍሶ ሁለት ጊዜም የተመለሰ፣ ሁለተኛው መመለስ ከመጀመሪያው በእጥፍ ሊጠጋ የደረሰ ግፊት የታፈነ ሊባል አይችልም። የታፈነ ግፊት ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ማስተንፈስ ይበልጥ ባደከመው ነበር። በኋላ የተቋቋመው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መርማሪ ኮሚሽን እንደደመደመው፣ ይህ ንባብ ሌላ መንስኤ ሊኖረው አይችልም፤ ከዐለቱ ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ነገር ነበር።

1,400 እና ዜሮ

ሰዎቹ ንባቡን አላዩም ማለት አይቻልም፤ አይተው ተከራክረውበታል። በቁፋሮ ክፍሉ ውስጥ የቀንና የሌሊት ፈረቃ ተቆጣጣሪዎች ተገናኝተው ነበር። ከየብስ የመጡ የቢፒና የትራንስኦሽን ኃላፊዎችም በዚያው ዕለት መድረኩን እየጎበኙ ነበር፤ የመጡበት አንዱ ምክንያት መድረኩ ለሰባት ዓመታት ከሥራ የሚያስቀር አደጋ ሳያደርስ መቆየቱን ለማክበር መሆኑ ምፀቱን ያከብደዋል። ከመድረኩ ሠራተኞች አንዱ ለንባቡ ማብራሪያ አቀረበ። በራይዘሩ ውስጥ ያለው ከባድ ጭቃ የጎማውን ቀለበት ከላይ ስለሚጫነው፣ ቀለበቱ እንደ ፊኛ ተለጥጦ ግፊቱን ከታች ወዳለው ውሃ ያስተላልፋል፤ ቱቦው ላይ የሚታየውም ይኸው ነው የሚል ነበር። ይህ ማብራሪያ «የፊኛ ውጤት» በሚል ስም ቀረ። በኋላ ኮሚሽኑ ያነጋገራቸው የዘርፉ ባለሙያዎች በሙሉ መሠረት የለውም ብለውታል። ማብራሪያው እውነት ነው እንኳ ቢባል ያው የታፈነ ግፊት ነውና ተነፍሶ ሲያበቃ መልሶ ወደ 1,400 ሊያድግ አይገባውም ነበር።

የሌሊቱ የቢፒ ተቆጣጣሪ ፈተናው በሌላ መንገድ እንዲደገም አዘዘ። ከመድረኩ ወደ ፍንዳታ መከላከያው የሚወርድ ኪል ላይን የሚባል ቀጭን የጎን ቧንቧ አለ፤ ለመንግሥት የቀረበው ማመልከቻም ፈተናው በእርሱ እንደሚደረግ ይገልጽ ነበር። ኪል ላይኑ ተሞልቶ ተነፈሰ፣ ዜሮ ደረሰ፤ ለ30 ደቂቃም ተከፍቶ ሲጠበቅ ምንም አልፈሰሰም። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ፈተናው ተሳክቷል ተባለ። በዚያ ሰዓት የመሰርሰሪያው ቱቦ አሁንም 1,400 ያነብ ነበር።

ኪል ላይኑም የመሰርሰሪያው ቱቦም ከቀለበቱ ሥር ወዳለው ያው ክፍተት የሚከፈቱ ናቸው። ሁለት አፍ ያለው ገንቦ በአንዱ አፍ ሲታይ ሞልቶ በሌላው ባዶ ሊሆን እንደማይችል ሁሉ፣ ሁለቱም በውሃ የተሞሉና የተከፈቱ ከሆነ አንዱ ዜሮ ሌላው 1,400 ሊያነቡ አይችሉም። እንዲህ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ተደፍኗል ማለት ነው። ይህን ጥያቄ በቁፋሮ ክፍሉ ውስጥ ያነሳ ሰው ስለመኖሩ በምርመራው አልተገኘም።

ኪል ላይኑ ለምን ዝም አለ ለሚለው መርማሪዎች በአንድ መልስ አልተስማሙም፤ ከቀረቡት መካከል አሳማኙ ግን የመለያያው ፈሳሽ ጉዳይ ነው። ጭቃና የባሕር ውሃ እንዳይቀላቀሉ በመካከላቸው መለያያ ፈሳሽ ይገፋል። በዚያ ዕለት ለመለያያነት የዋለው ቀደም ሲል የጉድጓዱን ስንጥቅ ለመድፈን ተዘጋጅቶ የተረፈ ከ400 በርሜል በላይ የሆነ ከባድና ወፍራም ፈሳሽ ነበር። ይህን ፈሳሽ ወደ የብስ ወስዶ ማስወገድ የአደገኛ ቆሻሻ ደንብን ያስከትላል፤ በጉድጓዱ ውስጥ አንዴ ከዞረ በኋላ ግን ወደ ባሕር ሊደፋ ይችላል። ስንጥቅ እንዲደፍን የተሠራ ፈሳሽ፣ ቀለበቱ ሲያሾልክ ከመከላከያው ሥር ገብቶ ቀጭኑን ቧንቧ ደፍኖት ከሆነ፣ ያደረገው የተሠራለትን ሥራ ነው።

አገልግሎት ላይ ያለ ሠራተኛ ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ቢወስድ ይህንን ቢወስድ እመርጣለሁ፤ ዜሮ የሚያነብ መለኪያ የሚናገረው ስለቆመበት ቦታ ብቻ ነው። በመለኪያውና በጉድጓዱ መካከል አሸዋ፣ ሰም፣ እንደ በረዶ የረጋ ጋዝና ውሃ ወይም ያልተከፈተ ቫልቭ ካለ ዜሮው ምንም አይመሰክርም። ሁለት መለኪያዎች ሲለያዩ ደግሞ የሰው ልብ ደስ ወደሚያሰኘው ያደላል። በማኮንዶ ደስ የሚያሰኘው ዜሮው ነበር።

የመጨረሻው ሰዓት ተኩል

ከምሽቱ 2፡02 ላይ የጎማው ቀለበት ተከፍቶ የራይዘሩ ጭቃ እንደገና ጉድጓዱን ተጫነው፤ ለጊዜውም ሁሉ ጸጥ አለ። ወዲያውም የቀረውን ጭቃ በባሕር ውሃ መተካቱ ቀጠለ። ጭቃው በቀለለ ቁጥር መያዣው እየላላ ሄደ፤ በኋላ በተሠራው ስሌት መሠረት ከ3 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ዐለቱ ከዓምዱ በለጠና ነዳጅና ጋዝ ወደ ጉድጓዱ መግባት ጀመረ። ሌላ ጊዜ ይህን የሚያሳብቀው የጭቃ ማጠራቀሚያዎች መጠን ነው፤ ከሚገባው በላይ ከተመለሰ ጉድጓዱ እየፈሰሰ ነው። በዚያ ዕለት ግን ጭቃው ከሰዓት በኋላ ዳሞን ባንክስተን ወደተባለች ደጋፊ መርከብ ሲተላለፍ ስለዋለና በማጠራቀሚያዎቹ መካከልም ብዙ ሥራ ስለነበረ ሂሳቡን መከታተል አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። የቀረው ምስክር ግፊቱ ብቻ ነበር።

ግፊቱም መስክሯል። ከ3፡01 እስከ 3፡08 ፓምፑ በአንድ መጠን እየሠራ፣ ከባድ ጭቃ በቀላል ውሃ እየተተካ፣ የመሰርሰሪያው ቱቦ ግፊት መቀነስ ሲገባው ጨመረ። 3፡08 ላይ የሚወጣው ፈሳሽ ላይ የዘይት ቅባት መኖር አለመኖሩን ለማየት ፓምፑ ቆመ። ፓምፕ ሲቆም ግፊት ይወርዳል ወይም ባለበት ይረጋል፤ እርሱ ግን በአምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ውስጥ ከ1,017 ወደ 1,263 ፒኤስአይ ወጣ። የቅባት ምርመራው አለፈ፣ መለያያው ፈሳሽ ወደ ባሕር ይደፋ ጀመር፣ ፓምፑም ተነሣ።

3፡31 ላይ ፓምፑ እንደገና ቆመ፤ ግፊቱ አሁንም ይወጣ ነበር፤ በዚህን ጊዜ በቁፋሮ ክፍሉ ያሉት ሰዎች አንድ ነገር እንዳልጣማቸው ግልጽ ነው። 3፡36 ገደማ የመሰርሰሪያው ቱቦ እንዲተነፍስ ታዘዘ። ግፊቱ ወረደ፤ ወዲያው ደግሞ መውጣት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ የተጠየቀው ያው ጥያቄ በድጋሚ ተጠይቆ ያው መልስ መጣ ማለት ነው። ከአራት ደቂቃ በኋላ፣ 3፡40 ገደማ፣ ጭቃ በመድረኩ ወለል ላይ ይንፎለፎል ጀመር።

ጋዝ ከዚያ ጥልቀት ሲወጣ የሚጫነው ነገር እየቀነሰ ስለሚሄድ ይዘቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ከፍንዳታ መከላከያው አልፎ ራይዘር ውስጥ የገባውን ጋዝ ከታች ያለ ማንኛውም መዝጊያ ሊመልሰው አይችልም። ሠራተኞቹ ፈሳሹን በቀጥታ ወደ ባሕር ከማዞር ይልቅ ጭቃንና ጋዝን ወደሚለየው መሣሪያ መሩት፤ መሣሪያው ያን ያህል ሊያስተናግድ አልቻለም፤ ጋዙም በመድረኩ ላይ ተበተነ። ሞተሮቹ ጋዙን ስበው ከመጠን በላይ ዞሩ፣ መብራት ጠፋ፣ 3፡49 ገደማ የመጀመሪያው ፍንዳታ ተከተለ። 11 ሰዎች ሞቱ፣ 17 ተጎዱ። የተረፉት በዳሞን ባንክስተን ላይ ተሰበሰቡ።

ከተዘጋ በኋላ

ከፍንዳታው ጥቂት ደቂቃዎች በፊት ሠራተኞቹ በቱቦው ዙሪያ የሚዘጉትን መዝጊያዎች ዘግተው ነበር፤ በቱቦው ውጭ ያለው ፍሰትም ለጊዜው ተገታ። የመሰርሰሪያው ቱቦ ግፊት ከ5,000 ፒኤስአይ በላይ ዘለለ። የአሜሪካ የኬሚካል ደህንነት ቦርድ በ2014 ባወጣው ዘገባ ትኩረት የሰጠው ለዚህ ቅጽበት ነው። በቦርዱ ትንታኔ መሠረት፣ በቱቦው ውስጥ በታፈነው ግፊትና በውጩ ባለው ግፊት መካከል የተፈጠረው ታላቅ ልዩነት ቱቦውን በመከላከያው ውስጥ አጎበጠው። ቱቦውን ቆርጦ ጉድጓዱን እንዲዘጋ የተሠራው የመጨረሻው መቁረጫ ምላጭ ሲነሣ ቱቦው ከመሐሉ ሸሽቶ አገኘው፤ ከመቁረጥ ይልቅ በሳው። ቀደም ያለ ሌላ ምርመራ የመጉበጡን ምክንያትና ጊዜ በሌላ መንገድ ገልጾት ስለነበር በዚህ ላይ ክርክር አለ፤ የቦርዱ አስተያየት ግን ከጉዳያችን ጋር ይገናኛል፤ ጉድጓዱ የተዘጋ በሚመስልበት ጊዜ እንኳ የታፈነ ግፊት መዝጊያውን ራሱን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል የሚል ነውና።

መድረኩ ከሁለት ቀን በኋላ ሰጠመ። ፍሰቱ የቆመው በ87ኛው ቀን፣ ጁላይ 15 ነው።

ምርመራውና ፍርዱ

ኮሚሽኑ ካረጋገጣቸው ነገሮች ለእኔ ከባዱ፣ ያ ፈተና እንዴት እንደሚደረግና ውጤቱ እንዴት እንደሚነበብ የሚናገር የመንግሥት ደንብም ሆነ በዘርፉ የታወቀ አንድ ወጥ አሠራር አለመኖሩ ነው። የመጨረሻው መከላከያ የሆነ ፈተና «ምን ያህል ግፊት ሲታይ ወድቋል እንላለን?» የሚለው ሳይጻፍ ተጀመረ። ወሰኑ አስቀድሞ ባልተጻፈበት ቦታ ንባቡን የሚወስነው ክርክር ይሆናል፤ ክርክርን ደግሞ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ በራሱ የሚተማመነው ሰው ነው።

ከዚህም ሌላ ያው ነገር ከአራት ወር በፊት ደርሶ ነበር። በዲሴምበር 23 ቀን 2009 በሰሜን ባሕር፣ በብሪታኒያ ክልል፣ በሌላ የትራንስኦሽን መድረክ ላይ የግፊት ቅነሳ ፈተና ተሳክቷል ከተባለ በኋላ ጭቃው በባሕር ውሃ እየተተካ ሳለ ግፊቱን ይዟል የተባለው መከላከያ ከዳ፤ ጭቃ በመድረኩ ላይ ፈሰሰ። ሠራተኞቹ በጊዜ ዘግተው ተረፉ። ኩባንያው ከዚያ የተገኘውን ትምህርት አዘጋጅቶ በሰሜን ባሕር ላሉ መድረኮች አሰራጨ፤ ወደ ዲፕዋተር ሆራይዘን ሠራተኞች ግን አልደረሰም።

ቢፒ በ2012 መጨረሻ የ11 ሰዎችን ሞት ጨምሮ በቀረቡበት የወንጀል ክሶች ጥፋተኝነቱን አምኖ 4 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2014 የኒው ኦርሊንስ ፌዴራል ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔሩ ክርክር ኃላፊነቱን 67 በመቶ ለቢፒ፣ 30 በመቶ ለትራንስኦሽን፣ 3 በመቶ ለሃሊበርተን ሲያከፋፍል፣ የፈተናው ንባብ ከውሳኔው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነበር። በመድረኩ ላይ የነበሩት ሁለቱ የቢፒ ተቆጣጣሪዎች ግን በሰው ሞት ተከሰው ቢቆዩም ክሱ በ2015 መጨረሻ ተነሣ፤ አንዱ በቀላል የውሃ ብክለት ጥፋት ጥፋተኛነቱን አመነ፣ ሌላው በ2016 በዳኞች ፊት ነፃ ወጣ። ኩባንያው በእነርሱ ቸልተኝነት አምኖ፣ እነርሱ ግን በዚያ ቸልተኝነት ሳይፈረድባቸው መቅረታቸው ለብዙዎች አልተዋጠም። እኔ ደግሞ አይገርመኝም፤ ወሰኑ ያልተጻፈ ፈተናን በተሳሳተ መንገድ አነበበ ብሎ አንድን ሰው ከጥርጣሬ በላይ ጥፋተኛ ማድረግ ቀላል አይደለም።

በባሕር ላይ ያለው ደንብ ተለውጧል። በዚያው በ2010 መጸው የወጣው የአሜሪካ የቁፋሮ ደህንነት ደንብ የግፊት ቅነሳ ፈተናን ግዴታ አደረገው። በየብስ ላይ በየዕለቱ ቫልቭ የሚከፍተውና ማያያዣ የሚያላላው የአገልግሎት ሠራተኛ ሁኔታ ግን ሌላ ነው። የአገሪቱ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ በ1992 ያወጣው፣ አደገኛ ኬሚካል ያለባቸውን ሥራዎች የሚቆጣጠረው ዋናው ደንብ፣ ገና ከአንቀጹ መግቢያ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓድ ቁፋሮንና አገልግሎትን በስም ጠርቶ ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋቸዋል።